ሁምቦ፦ ከጉቶ የተነሣ ደን

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኘው የሁምቦ ተራራ ለአሥርት ዓመታት ተራቁቶ ነበር። ዛፉ ለማገዶና ለከሰል አልቆ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን ይጠርገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የእርዳታ ድርጅቱ ወርልድ ቪዥንና የአካባቢው ገበሬዎች 2,728 ሄክታር ከልለው ሥራ ጀመሩ። ችግኝ ተከላው ግን ከሥራው ትንሹ ክፍል ነበር።

ብሳናውም ግራሩም ከላይ ቢቆረጥ ሥሩ አልሞተም። በየዓመቱ ያቆጠቁጥ ነበር፤ ግን ፍየል ይቀነጥበው፣ መጥረቢያ ይጨርሰው ነበር። ገበሬው የተማረው ቀላል ነገር ነው፤ ከአንድ ጉቶ ከሚወጣው ብዙ ቀንበጥ ጠንካራና ቀጥ ያሉትን ጥቂቶች ያስቀራል፣ ሌላውን ይመለምላል፣ ከቀሩትም የታችኛውን ቅርንጫፍ ያነሣል። የተመለመለው ለማገዶ ቤት ይገባል። ደኑ በአብዛኛው የተመለሰው እንዲህ ነው።

ለዚህ ሥራ ክፍያ የመጣው ከካርቦን ነው። ዛፍ ሲያድግ ከአየር የሚወስደው ካርቦን በግንዱና በሥሩ ይከማቻል። በናሙና ቦታዎች የዛፉ ውፍረት ይለካል፣ ከዚያ ክምችቱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ቶን ይሰላል፣ በገለልተኛ አካል ይረጋገጣል። ፕሮጀክቱ በታኅሣሥ 2009 (እ.ኤ.አ.) በተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት ሜካኒዝም ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድም 165,000 ቶን ለመግዛት ተስማማ። የሚከፈለው ለተለካ ውጤት እንጂ ለታቀደ አይደለም። ስለዚህ ገንዘቡ ይዘገያል፤ ሲመጣም ለየቤቱ ቢከፋፈል የሚረባ አይሆንም። ገቢው የገባው ለገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው፤ እንደ እህል ወፍጮ ላለ የጋራ ሥራም ውሏል።

በእኔ እምነት ደኑን ያቆየው ዶላሩ አይደለም። ገበሬዎቹ በሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው በመሬቱ የመጠቀም መብታቸውን በሰነድ አግኝተዋል። ቀድሞ ተራራው የሁሉም ስለነበር የማንም አልነበረም፤ ዛሬ ያልቆረጥኩት እንጨት ነገ የሌላ ሰው ከሰል ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቀንበጥ አያሳድግም። ሰነዱ ይህን ስሌት ለወጠው። ማኅበራቱ መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፤ የሣር አጨዳውና ምልመላው በደንብ ሆነ።

ጉዳት የደረሰበትም አለ። ከልሎ መጠበቅ ማለት ፍየል የሚያሰማራውን፣ ከሰል አክስሎ የሚሸጠውን ማስቆም ነው። ሣሩ ታጭዶ ለከብት ይወሰዳል፤ ከብት ለሌለው ድሃ ግን የታጨደ ሣር እንደ ከሰል ጥሬ ገንዘብ ሆኖ በየሳምንቱ አይመጣለትም። ይህ ሰው ወደ ጎረቤት ቁጥቋጦ ቢሄድስ? የካርቦን ሒሳብም ይህን ያውቀዋል፤ ጭፍጨፋው ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወረ ከተገኘው ቶን ላይ ይቀነሳል። የሰውዬው ኪሳራ ግን በሒሳቡ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሁምቦ በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ያህል እንደሚያከማች ተገምቷል። ባንኩ ለመግዛት የተስማማው ከዚህ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ለቀሪው ማኅበራቱ ሌላ ገዢ መፈለግ ነበረባቸው፤ የቶን ዋጋ ደግሞ በገበያው ይወጣል ይወርዳል።