ከላሊበላ ተፈልፍሎ የወጣው ድንጋይ የት ሄደ?

የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በማን ዘመንና በምን ያህል ጊዜ ተፈለፈሉ የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ሲነሣ፣ አንዱ ወገን 11ዱንም በአንድ ንጉሥ ዘመነ መንግሥት ሲያጠቃልላቸው፣ ሌላው ወደ አክሱም ዘመን ማብቂያ ሲያርቃቸው፣ ብሪታኒያዊው ጸሐፊ ግርሃም ሃንኮክም እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ የቴምፕላር መስቀላውያን እጅ ሳይኖርበት አይቀርም እስከ ማለት ሲደርስ፣ ሰሚው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ለዚህ ሁሉ ውዥንብር ምክንያት ተደርጎ የሚቀርበው የጽሑፍ ማስረጃ ማነስ ነው፤ እኔ ግን ዋናው ምክንያት በአሠራሩ ውስጥ ተሰውሮ ያለ ይመስለኛል።

ቤት የሚገነባ ሰው በሥራው ላይ ሥራ ሲጨምር፣ ዐለት የሚፈለፍል ግን ሲቀንስ ይውላል። ከዚያው አገር በዋሻ ውስጥ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በድንጋይና በእንጨት ድርብርብ የተሠራ በመሆኑ፣ እንጨቱ ዛፍ ሆኖ መኖር ያቆመበትን ዘመን በሬዲዮካርቦን ምርመራ በግምትም ቢሆን መጠየቅ ይቻላል። የላሊበላው ውቅር ግን ማገር የለው፣ ምርጊት የለው፤ ዐለቱም የሰው ልጅ ሳይፈጠር የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ውጤት ስለሆነ፣ ስለ ራሱ ዕድሜ እንጂ ስለ ጠራቢው አይመሰክርም። ይልቁንም የሚያስቸግረው፣ አንድን ክፍል ለማስፋት ወይም አንድን ቅጥር ለማጥለቅ የመጣ ኋለኛ ጠራቢ፣ የፊተኛውን የመሮ ምልክት ከነግድግዳው አንሥቶ የሚጥለው መሆኑ ነው። ደረጃቸው ከሥራቸው ተቆርጦ በአየር ላይ የቀሩት በሮች፣ ወለሉ አንድ ጊዜ ብቻ እንዳልተቆፈረ ያሳያሉ፤ መቼ እንደተቆፈረ ግን አይናገሩም።

አርኪዮሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕሰን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በ7ኛው ወይም በ8ኛው ምዕት ዓመት፣ ያውም ለቤተ ክርስቲያንነት ሳይሆን ለሌላ አገልግሎት መፈልፈል እንደ ጀመሩ ገምተዋል። ግምቱ የሊቅ ግምት ነው፤ ሆኖም በአብዛኛው ቅርጽን ከቅርጽ በማነጻጸር የቆመ ነው፤ ቅርጽ ደግሞ ይወረሳል። ከሁሉ የኋለኛ እንደ ሆነ በሚነገርለት በቤተ ጊዮርጊስ እንኳ የአክሱም ዘመን የመስኮት አሠራር በዐለት ላይ ተቀርጾ ይታያል። በሌላ ወገን በ1520ዎቹ ቦታውን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሥራው በ24 ዓመት መፈጸሙን እንደ ተነገረው ጽፏል፤ ሰው ቀን የሠራውን መላእክት ሌሊት እንደ ቀጠሉት የሚተርከው ገድለ ላሊበላም ቢሆን ከንጉሡ ዕረፍት በኋላ ብዙ ትውልድ አልፎ የተጻፈ ነው። ገድል የቅድስናን እንጂ የግንበኝነትን ታሪክ ለመጻፍ አልተነሣምና፣ ከእርሱ የሥራ መዝገብ መጠበቅ አግባብ አይመስለኝም።

እንግዲህ የቀረው ምስክር ተፈልፍሎ የወጣው ድንጋይና አፈር ነው። የታሪክ ተመራማሪው ፍራንሷ ዣቪዬ ፎቬልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት ያተኮሩት በዚህ ክምር ላይ ነበር፤ ምክንያቱም ከጉድጓዱ መጀመሪያ የወጣው ከሥር፣ በመጨረሻ የወጣው ከላይ ስለሚተኛ፣ በመካከሉ የወደቀ ከሰል ወይም የሸክላ ስባሪ ቢገኝ ግድግዳው የነፈገንን ቅደም ተከተል ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ከተማ ሲሰፋ፣ መንገድ ሲደለደልና ለቤት መሠረት ሲቆፈር፣ ይህን ክምር ተራ ኮረብታ ነው ብሎ መዛቅ ቀላል ነው፤ የተዛቀውንም ወደ ቀድሞ ተራው የሚመልስ ጥበብ የለም።

የዘመኑ አለመታወቅ በጥገናም ላይ ይከብዳል፤ አንድ በር ቀድሞ የምሽግ መግቢያ፣ ኋላም የቤተ መቅደስ መስኮት ሆኖ ከሆነ፣ ጠጋኙ የትኛውን ዘመን አክብሮ የትኛውን ይደፍናል? ከዚህም ሌላ፣ ሥራውን ወደ ጥንት የሚያርቁት ሁሉ አንድ ባይሆኑም፣ አንዳንዶቹ ዕድሜ ሲጨምሩለት ባለቤት ይለውጡለታል፤ የዛጔ ነገሥታትና ስማቸው ያልተጻፈው ጠራቢዎች ክብር ለማይታወቅ ወገን ይተላለፋል። ፊሊፕሰን እንኳ የቤተ ጎልጎታንና የአካባቢውን ሥራ ለንጉሥ ላሊበላ ትተውለታል፤ ሩቅ ዘመንን የሚወዱ ሰዎች ግን ከመጽሐፋቸው 7ኛውን ምዕት ዓመት ብቻ መዝዘው ሲጠቅሱ እሰማለሁ።