በዴንቨር የጎደሉት ስድስት ፊደላት

የኮሎራዶ ክፍለ ግዛት የጤና ቤተ ሙከራ የሚገኘው በዴንቨር ምሥራቃዊ ጫፍ፣ የአየር ኃይል ሰፈር በነበረው ሎውሪ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ጥቂት ከተነዳ አውሮራ ይገባል። በ2020 ዲሴምበር መጨረሻ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ የኮቪድ ናሙና ወደዚህ ቤተ ሙከራ መጣ። የተወሰደው ሲምላ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ያለ የአረጋውያን መንከባከቢያን እንዲያግዝ ከተላከ የናሽናል ጋርድ ባልደረባ ነበር። ምርመራው ቫይረሱን በሦስት ቦታ ይፈልጋል። ሁለቱ ቦታዎች ጎላ ያለ ምልክት ሰጡ። ሦስተኛው፣ ኤስ የሚባለው ዘረመል፣ ምንም አላሳየም።

ሁለቱ ምልክቶች ኮቪድ ለመኖሩ በቂ ስለሆኑ ለታማሚው የሚነገረው ውጤት አይለወጥም፤ ናሙናው እዚያው ላይ ሊዘጋ ይችል ነበር። ባለሙያዎቹ ግን አልዘጉትም። በብሪታንያ እየተዛመተ የነበረው አዲስ የቫይረሱ ዝርያ በዚህ ምርመራ ላይ ልክ እንዲህ ያለ ጉድለት እንደሚያሳይ ይታወቅ ነበርና የቫይረሱን ሙሉ ዘረመል አነበቡ። ያው ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ዲሴምበር 29 ቀን የኮሎራዶ ገዥ ጃሬድ ፖሊስ ዝርያው በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ መታወቁን ይፋ አደረጉ። ከአንድ ማሽን ያልወጣን ምልክት በትኩረት ማየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ምልክቱ ለምን ጠፋ? የምርመራው ስም ፒሲአር ነው። የኮሮና ቫይረስ ዘረመል አርኤንኤ ስለሆነ መጀመሪያ አንድ ኢንዛይም ወደ ዲኤንኤ ይገለብጠዋል። ከዚያ ፈሳሹ እስከ 95 ዲግሪ ይሞቅና የተጣመሩት የዲኤንኤ ክሮች ይላቀቃሉ። ወደ 60 ዲግሪ ሲወርድ፣ ፕራይመር የሚባሉ 20 ያህል ፊደል (ዘረመሉ የተሠራባቸው የኬሚካል ክፍሎች) ብቻ ያላቸው አጫጭር ክሮች የሚገጥማቸውን ቦታ ፈልገው ይለጠፋሉ። ታክ የተባለው ኢንዛይም ከእነሱ ተነሥቶ ቀሪውን ይገለብጣል፤ ይህ ኢንዛይም መጀመሪያ የተገኘው በየሎስቶን ፍል ውኃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ስለሆነ ሙቀቱን ይችለዋል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ በ30 ዙር ቅጂው ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል።

ምልክቱን የሚሰጠው ፕሮብ የሚባል ሌላ አጭር ክር ነው። በአንድ ጫፉ የሚያበራ ቀለም፣ በሌላው ጫፉ ያንን ብርሃን የሚውጥ ሞለኪውል ተያይዞበታል። ሁለቱ ጎን ለጎን እስካሉ ድረስ ማሽኑ የሚያየው ብርሃን የለም። ፕሮቡ ቦታውን አግኝቶ ከተለጠፈ ግን ታክ እየገለበጠ ሲደርስ ይቆራርጠዋል፤ ቀለሙ ከዋጩ ይለያል፤ ይበራል። የሲምላው ቫይረስ ኤስ ዘረመሉ ላይ ስድስት ፊደላት ጎድለውታል፤ ፕሮቡ የተሠራው ደግሞ ልክ እዚያ ቦታ ላይ እንዲለጠፍ ነበር። ከ30,000 ገደማ ፊደላት ስድስት መጉደላቸው ነው በሎውሪ የታየው።

ፕራይመርም ሆነ ፕሮብ በሰው እጅ ፊደል በፊደል የሚሠሩ ናቸው። የሚሠሩበት ኬሚስትሪ የተወለደው ከዴንቨር በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ በቦልደር በሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኬሚስትሪውን ያመጣው ማርቪን ካሩዘርስ ወደዚያ ከመሄዱ በፊት በኖቤል ተሸላሚው በሐር ጎቢንድ ኮራና ቤተ ሙከራ ሠርቷል። ኮራናና ባልደረቦቹ በ1970 ይፋ ያደረጉትን፣ 77 ጥንድ ፊደላት ያሉትን የእርሾ ዘረመል ለመሥራት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ፊደላቱ እርስ በርስ እንዲያያዙ ኬሚካሉ ንቁ መሆን አለበት፤ ንቁ የሆነ ኬሚካል ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። ካሩዘርስና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያመጡት መፍትሔ ፎስፎራሚዳይት ይባላል። ደርቆ በጠርሙስ ይቀመጣል፤ የሚነቃው ደካማ አሲድ ሲጨመርበት ነው።

አሠራሩ ጨሌ በክር እንደመሰካት ነው። የመጀመሪያው ፊደል በጥቃቅን የመስታወት ቅንጣት ላይ ይታሰራል። ጫፉን የሸፈነው መከላከያ ይነሣል፤ ቀጣዩ ፊደል ይያያዛል፤ ሳይያያዙ የቀሩት ጫፎች ይዘጋሉ፤ መጋጠሚያው በአዮዲን ይጸናል። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። እያንዳንዱ ፊደል 99 በመቶ ቢሳካ እንኳ፣ 20 ፊደል ካለው ክር ሙሉ ሆኖ የሚወጣው 83 በመቶ ያህሉ ነው፤ 200 ፊደል ካለው ግን 14 በመቶ አይሞላም። አጫጭር ፕራይመሮች በርካሽና በብዛት የሚገኙት ለዚህ ነው። የፒሲአርን ሐሳብ በ1983 ያፈለቀው ኬሪ ሙሊስ ኖቤል ተሸልሟል፤ ስሙም በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። የካሩዘርስ ስም ከሙያው ውጭ ብዙም አይነሣም፤ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም ባይ ነኝ። ፕራይመርን እንደልብ ማዘዝ ባይቻል ኖሮ ፒሲአር ከጥቂት ቤተ ሙከራዎች አይወጣም ነበር፤ በ2020 አዲስ አበባም ያን ሁሉ የኮቪድ ናሙና ባልመረመረች።

ጉዳዩ ከወረርሽኝ አልፎ በየቤታችን ይገባል። ጉበታችን ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም አለ። ኮዴይን የተባለው ማስታገሻ ሕመም የሚያስታግሰው በዋናነት ይህ ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። በ1996 በታተመ ጥናት እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ዘረመል ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳዩ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው ኮዴይንን በፍጥነት ሞርፊን ያደርገዋል፤ ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ለእሱ፣ በተለይም ለሕፃን፣ ትንፋሽ እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል።

ትርፉን ቅጂ ማወቅ የሚቻለውም በዚያው ፕራይመርና ፕሮብ ነው። ሁለት ቅጂ መኖር ሲገባው ሦስት ካለ፣ ቀለሙ ከአንድ ዙር ባነሰ ልዩነት ቀድሞ ይበራል፤ ማሽኑ ይህን ከሌላ ዘረመል ጋር አስተያይቶ ይቆጥረዋል። ብዙ ወገኖቻችን በሚታከሙበትና በሚሠሩበት፣ አውሮራ ባለው የአንሹትስ የሕክምና ግቢ (የቀድሞው የፊትዝሲመንስ የጦር ሆስፒታል ቦታ) ፈቃደኛ ታካሚዎች ደም የሚሰጡበት ባዮባንክ አለ፤ መድኃኒትን የሚመለከቱ አንዳንድ ውጤቶችም ወደ ታካሚው መዝገብ ይገባሉ። የፈቃድ ወረቀቱ ሲቀርብልዎ የትኞቹ ዘረመሎች እንደሚመረመሩና ውጤቱ ለማን እንደሚደርስ ይጠይቁ፤ ቋንቋው ከከበደዎ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ መብትዎ ነው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ከ2017 ጀምሮ ኮዴይንና ትራማዶል ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለሕመም ማስታገሻ እንዳይሰጡ ከልክሏል፤ ጡት የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዷቸው ያስጠነቅቃል። ኮዴይን በአንዳንድ የሳል ሽሮፖች ውስጥም አለ። ቤትዎ ከአገር ቤት የመጣ ወይም ከድሮ የተረፈ ሽሮፕ ካለ፣ ለልጅ ከመስጠትዎ በፊት ጽሑፉን አንብበው ፋርማሲስት ይጠይቁ።