ከእንዶዱ አረፋ በታች

ድባጤ ውስጥ ሳይንስ ስናስተምር ልጆች ደጋግመው፣ «ይህ ለምን ይጠቅማል?» ይሉናል። እኛም በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ የሆነውን እንነግራቸዋለን።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ያኔ ቢልሃርዝያን የሚያጠኑ ወጣት ተመራማሪ ነበሩ። የበሽታው ትል በሰው ቆዳ በኩል ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ታዲያ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ፤ ከዚያ ከፍ ብሎ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። አይቶ ማለፍ ቀላል ነበር። እርሳቸው ግን «ለምን?» አሉ፤ ፍሬውንም በላቦራቶሪ መረመሩት። ገዳዩ ሳፖኒን የሚባለው አረፋ ሰጪ ንጥረ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ኋላም ከእንዶድ የተለየው አንዱ ንጥረ ነገር በስማቸው «ለማቶክሲን» ተባለ።

በዐድዋ ጅረቶች ላይ ከ1969 እስከ 1974 እንዶድ ተሞከረ። በትንንሽ ልጆች ላይ የነበረው ሕመም ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እነዚያ ልጆች ናቸው ለእኛ የጥያቄው መልስ። በ1989 ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ።

ከሁሉ የሚደንቀን ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በ1988 በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች አካባቢ «ዜብራ» የተባለች ባለ ዛጎል እንስሳ ተገኘች፤ እየተባዛችም የውኃ ቧንቧዎችን ትደፍን ጀመር። በ1990 የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዶድን ሞከሩባት፤ ገደላት። የዐድዋ እናቶች የልብስ ማጠቢያ የአሜሪካን ቧንቧ ይታደግ ይሆናል ብሎ ማን ገመተ?

አንድ ተማሪ ይህን ሰምቶ፣ «ዓሣውንስ አይገድልም?» አለን። ደስ አለን፤ ጥያቄው ከመጀመሪያው የተሻለ ነውና። አዎ፣ ይገድላል፤ ስለዚህ ማንም ተነሥቶ ወንዝ ውስጥ የሚደፋው ነገር አይደለም።

እስከዚያው ወላጆች ሆይ፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በውኃ መውረጃና በረጋ ውኃ ውስጥ መጸዳዳትን መከልከላቸውን ለልጆች አስተምሩ፤ የትሉ እንቁላል ወደ ውኃው የሚደርሰው በዚያ መንገድ ነው። ቢልሃርዝያ ካለበት ወንዝ የተቀዳን ውኃ ደግሞ ለዉዱእም ሆነ ለገላ መታጠቢያ ከማዋላችሁ በፊት፣ ቀንድ አውጣ በሌለበት ክዳን ባለው ዕቃ ሁለት ቀን አቆዩት፤ ቆዳ የሚበሳው የትል ጫጩት ከዚያ በላይ አይኖርም።