ጥርስ ሐኪሙ «ታጨሳለህ?» ሲል ለምን መዋሸት የለባችሁም?

ከጨነቅ ካምፕ ቱሪስት ይዞ ወርዶ ደባርቅ የገባ አንድ ወጣት አስጎብኚ እናስብ። ሌሊቱን ሙሉ መንጋጋው ሲጠዘጥዘው አድሯል። ጠዋት ጥርስ ሐኪም ጋ ሄዶ ወንበሩ ላይ ጋደም እንዳለ ጥያቄው መጣ፦ «ሲጋራ ታጨሳለህ?»

«ኧረ እኔ? በፍጹም!»

ቢዋሽ አይገርምም። እኛ አካባቢ ሲጋራ ነውር ነው፤ የሚያጨሰውም ከቤተሰብ ተደብቆ ነው። ግን ሐኪሙ የሚጠይቀው ሊፈርድበት አይደለም። መልሱ ሕክምናውን ስለሚቀይረው ነው።

እንዴት?

መጀመሪያ ድድ። «ድዴ አይደማም፣ ስለዚህ ጤነኛ ነኝ» የሚል አጫሽ ብዙ ነው። ኒኮቲን ግን የደም ሥሮችን ያጠባል። ስለዚህ የታመመ ድድ እንኳ ላይደማ ይችላል። ሲጋራው ድዱን ይጎዳል፣ ምልክቱንም ይደብቃል። የአጫሽ ሰው በድድ በሽታ የመያዝ ዕድል ከማያጨስ ሰው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ብዙዎች የሚነቁት ጥርሳቸው መነቃነቅ ሲጀምር ነው።

ሁለተኛ፣ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ። በተነቀለበት ቦታ የሚረጋው ደም ለቁስሉ እንደ ክዳን ነው። ሲጋራ ስትስቡ ይህ የረጋ ደም ሊነሳ፣ አጥንቱም ሊጋለጥ ይችላል። ያኔ ሕመሙ ካስነቀላችሁት ጥርስ ሊብስ ይችላል። ሐኪሞች «ቢያንስ ለ3 ቀን እንዳታጨስ» የሚሉት ለዚህ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ዕድል አለ። ሲጋራ ያቆመ ሰው ብስጭቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና አምሮቱ በጣም የሚከብደው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት አካባቢ ነው። ከዚያ በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ለቁስሉ ብላችሁ 3 ቀን ከታገሳችሁ፣ ከባዱን ዳገት ወጥታችኋል ማለት ነው። በ4ኛው ቀን ለምን ትለኩሳላችሁ?

ጥርስ ሐኪም ምን ያግዛል?

የዓለም ጤና ድርጅት 5 አጫጭር እርምጃዎችን ይመክራል፦
1. ታጨሳለህ ወይ ብሎ መጠየቅ
2. እንዲያቆም በግልጽ መምከር
3. ለማቆም ዝግጁ መሆኑን ማየት
4. የሚያቆምበትን ቀን እንዲቆርጥ ማገዝ
5. ቀጠሮ ይዞ መከታተል

ሁሉም ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2021 ኮክሬን 20 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ ነበር። አንዴ ተመክሮ መሄድ ብቻውን ለውጥ ለማምጣቱ ማስረጃው ደካማ ነው። በተደጋጋሚ ቀጠሮ የሚሰጥ ምክር፣ ወይም ምክር ከኒኮቲን ማስቲካና ከመሳሰሉት ጋር ሲሆን ግን የሚያቆሙት ሰዎች ቁጥር ከፍ ይላል። ስለዚህ «ቀጠሮ ይያዝልኝ» በሉ።

«በቬፕ ወይም በሺሻ ልተካው» የሚል ካለ፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሁለቱም ሽያጭ ክልክል ነው። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ መሸጥም እንዲሁ።

አምሮቱ ሲመጣ ደግሞ ይህን ያዙ፦ አንዱ አምሮት ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ውሃ ጠጡ፣ በረጅሙ ተንፍሱ፣ ከቦታው ተነሱ። ሲጋራን የሚጠራው ጫት ወይም መጠጥ ከሆነ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዚያ ራቁ።

አንድ ነገር ግን አይዘግይ። አፋችሁ ውስጥ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ ወይም በ2 ሳምንት ያልዳነ ቁስል ካያችሁ ባያማችሁም ታዩ። የአፍ ካንሰር ሲጀምር ላያም ይችላል፤ ቶሎ ሲደረስበት ደግሞ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ከደባርቅ ጎንደር ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ለጥርሱ ብሎ የሚሄድ ሰው አለ። ያን ሁሉ መንገድ ሄዳችሁ ጥርስ ብቻ አስነቅላችሁ አትመለሱ። ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ፣ ሳትጠየቁ በፊት «አጨሳለሁ፣ ማቆም እፈልጋለሁ» በሉ።

የሚያጨስ ጓደኛ ካላችሁ በውስጥ መስመር ላኩለት። ኮሜንት ላይ ታግ አድርጋችሁ እንዳታጋልጡት ብቻ!