ገንዘብዎን ለማን አደራ ይሰጣሉ?

ሥራ ወይም ትዳር ወደ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ሆሳዕና ወስዶዎታል እንበል። ቤት ተከራይተው ልጆችዎን ካስመዘገቡ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ የቤተሰቡ ገንዘብ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ዋናው መንገድ ላይ የባንክ ቅርንጫፎች ተደርድረዋል፤ ጓሮ ገባ ብሎ ደግሞ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና አንድ ነገር ልንገርዎት፦ ቢልቦርድና የሽልማት ዕጣ እርስዎን ለመሳብ የተዘጋጁ ናቸው፤ ስለ አገልግሎቱ ብዙም አይነግሩዎትም።

ባንክ ሲመርጡ

ቅርንጫፉን በገበያ ቀንና በደመወዝ ሰሞን ይጎብኙት። ወረፋው ምን ያህል ነው? ኤቲኤሙ ብር አለው? «ሲስተም የለም» የሚባለው ስንት ጊዜ ነው? ብድር የሚያስቡ ከሆነ ውሳኔው እዚያው ይሰጥ ወይም ወደ ዲስትሪክት ይሄድ እንደሆነ ይጠይቁ። ባንኮችና ማይክሮ ፋይናንሶች ፈቃድ የሚያገኙት ከብሔራዊ ባንክ ነው። ተቋሙ ቢከስር የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ተቋም እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል።

ማኅበር ሲመርጡ

የቁጠባና ብድር ማኅበር ባለቤቶች አባላቱ ናቸው። ብዙ ዕጣ የገዛም ጥቂት የገዛም ድምፁ አንድ ነው። ዋስትና የሌለው ቤተሰብ በቆጠበው ልክና በአባላት ዋስነት መበደር መቻሉ ትልቁ ጥቅሙ ነው። ይሁን እንጂ የመድን ፈንዱ ሽፋን ማኅበራትን አይጨምርም፤ መደበኛ ቁጠባንም በአብዛኛው ከአባልነት ሳይለቁ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን፣ የቅርብ ጊዜውን የኦዲት ሪፖርትና መተዳደሪያ ደንቡን ይመልከቱ። ጠቅላላ ጉባኤው መቼ እንደተጠራም አባላትን ይጠይቁ። ለማሳየት የሚያንገራግር ማኅበር ካጋጠመዎት ይለፉት። ለሌላ ሰው ዋስ ሲሆኑም የልጆችዎን ቁጠባ እያስያዙ መሆኑን አይርሱ፤ ከመፈረምዎ በፊት ከባለቤትዎ ጋር ይምከሩ።

ወለዱ በምን ይሰላል?

60,000 ብር ለአንድ ዓመት በ15 በመቶ ተበደሩ እንበል። ወለዱ ከመጀመሪያው ብድር ላይ እስከ መጨረሻው የሚታሰብ ከሆነ 9,000 ብር ይከፍላሉ። ዋናውን በየወሩ 5,000 ብር እየመለሱ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ግን 4,875 ብር ነው። መቶኛው አንድ ዓይነት ሆኖ ልዩነቱ 4,125 ብር! የአገልግሎት ክፍያና የመድን ክፍያ ካለም አብረው ይደምሩ።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ የመምረጥ ግዴታ የለብዎትም። ደመወዝና የክፉ ቀን ገንዘብ በቀላሉ በሚወጣበት ባንክ ቢቀመጥ፣ ለቤት ዕድሳት ወይም ለትንሽ ንግድ የሚያስቡት ደግሞ በማኅበሩ ቢጠራቀም ለብዙ ቤተሰብ ይመቻል። የቁጠባ ደብተሩ የት እንዳለና ሂሳቡ በማን ስም እንደሆነ ግን ባልም ሚስትም ይወቁት።