የጦር መሣሪያ መያዝ በአሜሪካ፦ የግለሰብ መብትና የግዛቶች ሥልጣን

በቨርጂኒያ ግዛት ሽጉጥ ለመታጠቅ ፈቃድ ያለው ሰው የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲ ቢገባ ፈቃዱ በዚያ አይሠራም፤ መሣሪያውን ታጥቆ ከተገኘም በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ አንድ ሆኖ ሳለ የጦር መሣሪያ ሕግ ከግዛት ግዛት የሚለያየው ለምንድን ነው?

የክርክሩ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ድንጋጌው በእንግሊዝኛው 27 ቃላት ብቻ ያሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በቅድሚያ በሥርዓት የተደራጀ ሚሊሻ ለነፃ መንግሥት ደኅንነት አስፈላጊ መሆኑን ይገልጻል፤ ቀጥሎም የሕዝቡ የጦር መሣሪያ የመያዝ መብት እንዳይጣስ ያዝዛል። የመጀመሪያውን ሐረግ የሚያጎሉ ወገኖች መብቱ ከሚሊሻ አገልግሎት ጋር የተያያዘ ነው ሲሉ፣ ሁለተኛውን የሚያስቀድሙት ደግሞ የእያንዳንዱ ግለሰብ መብት ነው ይላሉ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚህ ጥያቄ ላይ ግልጽ አቋም የያዘው እ.ኤ.አ. በ2008 ነበር። ዋሽንግተን ዲሲ ከ1976 ጀምሮ ሽጉጥ መያዝን በአመዛኙ ከልክላ የቆየችበትን ሕግ በ5 ለ 4 ድምፅ ሽሮ፣ ግለሰብ ራሱን ለመከላከል በቤቱ ሽጉጥ የመያዝ መብት እንዳለው ወሰነ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ግን መብቱ ገደብ የለሽ አለመሆኑን፣ በትምህርት ቤትና በመንግሥት ሕንፃ የሚጣሉ ክልከላዎችም ጥያቄ ውስጥ እንዳልገቡ አስፍረዋል።

ዲሲ በፌዴራል ሥልጣን ሥር ያለች በመሆኗ ውሳኔው ግዛቶችን ማስገደድ አለማስገደዱ ገና አልታወቀም ነበር። በ2010 በቺካጎ ከተማ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ በ1868 የጸደቀውን 14ኛውን ማሻሻያ ጠቅሶ መብቱ በግዛቶችም ላይ እንደሚጸና በየነ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በሰኔ 2022 ነው። ኒውዮርክ ሽጉጥ ደብቆ ለመታጠቅ የሚያመለክት ሰው ልዩ ምክንያት እንዲያቀርብ የሚያስገድድ፣ መቶ ዓመት የተሻገረ ሕግ ነበራት። ፍርድ ቤቱ ሕጉን በ6 ለ 3 ሽሮ አዲስ መመዘኛ አቆመ፤ የዛሬ ገደብ የሚጸናው ከአገሪቱ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ታሪክና ልማድ ጋር መጣጣሙን መንግሥት ሲያስረዳ ነው። በልዩነት የቆሙት ዳኛ ስቴፈን ብሬየር በበኩላቸው በ2020 ብቻ 45,222 ሰዎች በጦር መሣሪያ መሞታቸውን ጠቅሰው፣ ግዛቶች ይህን አደጋ ከግምት እንዲያስገቡ ሊፈቀድላቸው ይገባል ሲሉ ተከራክረዋል።

ይህ መመዘኛ የሥር ፍርድ ቤቶችን ግራ አጋብቷል። የ18ኛው መቶ ዘመን ሕጎች ስለ ዛሬው የጦር መሣሪያ የሚሉት ነገር የለምና። ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2024 በ8 ለ 1 ውሳኔ መመዘኛውን በመጠኑ አለዘበ፤ ተመሳሳይ መርሕ በታሪክ መገኘቱ በቂ እንደሆነ ገልጾ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት የእግድ ትእዛዝ የተሰጠበትና ለሌላው ሰው ደኅንነት አስጊ የተባለ ሰው ትጥቅ እንዳይዝ መከልከሉ ሕጋዊ ነው አለ። በሰኔ 2025 ደግሞ ሜሪላንድ በአንዳንድ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ላይ የጣለችውን እገዳ የሚቃወመውን አቤቱታ ሳይቀበል ቀረ። ይህ እገዳው በቦታው እንዲቆይ አደረገ እንጂ ሕገ መንግሥታዊነቱን አላረጋገጠም።

ጉዳዩ በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በብዛት የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን፣ ወደዚያ ለመሄድ የሚያስቡትንም በቅርብ ይመለከታል። በፌዴራል ሕግ መሠረት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው የጦር መሣሪያ መያዝ አይችልም፤ በጊዜያዊ ቪዛ የገባም ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር እንዲሁ ይከለከላል። ቋሚ ነዋሪ ግን ሌላ የሕግ ክልከላ ከሌለበት መያዝ ይችላል፤ ሆኖም ወደ ሌላ ግዛት ከመሻገሩ በፊት የዚያን ግዛት ሕግ ማጣራት ይኖርበታል።