ዲቴክተር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ አፈሩን ይወቅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ብረታ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ (ዲቴክተር) ይዞ በየወንዙ ዳር ይዞር የነበረ፣ ኋላም መሣሪያውን ሸጦ ወይም ጓዳ ጥሎ የተወ ሰው የዛሬውን የወርቅ ዋጋ ሲሰማ ልቡ መነሳሳቱ አይቀርም። በሀዲያ ዞን በፎንቆ ወይም በአቅራቢያዋ በሆሳዕና የሚኖር ነጋዴም ከሱቁ ትርፍ፣ አለዚያም ከደቡብ አፍሪካ ወንድሙ ከላከለት ገንዘብ ቀንሶ መካከለኛ ዋጋ ያለው ዲቴክተር ለመግዛት ያስብ ይሆናል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ብዙ ገዢ የሚጠይቀው “ስንት ሜትር ይገባል?” ብሎ ሲሆን መጠየቅ የሚገባው “ምን ልፈልግበት? በምን ዓይነት አፈር ላይ?” ብሎ ነው።

ዋጋው በብርና በወርቅ

የአውስትራሊያው ማይንላብ ኩባንያ “ኢኩዊኖክስ 800” የተባለውን መካከለኛ ዲቴክተር እ.ኤ.አ. በ2018 ገበያ ላይ ሲያውል በአሜሪካ ዋጋው 900 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ዶላር በባንክ 27 ብር ገደማ ስለነበር ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታሰብ 24 ሺህ ብር አካባቢ ይሆናል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር በላይ ስለወጣ ያው 900 ዶላር ከ117 ሺህ ብር በላይ ሆኗል። የቀድሞውን ዋጋ ይዞ የሚመለስ ሰው መደንገጡ ለዚህ ነው።

በወርቅ ሲመዘን ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአንድ አውንስ ወርቅ አማካይ ዋጋ 1,270 ዶላር ገደማ ስለነበር የመሣሪያውን ዋጋ ለመመለስ 22 ግራም ንጹሕ ወርቅ ያስፈልግ ነበር። አንድ አውንስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ከ4,000 ዶላር በላይ ሲወጣ 7 ግራም በቂ ሆኗል። ሆኖም ከመሬት የሚገኝ ወርቅ ንጹሕ 24 ካራት አለመሆኑንና ቀረጡ፣ ጉዞውና የቀን ወጪው ገና ያልተደመረ መሆኑን ገዢው መርሳት የለበትም።

የት? ምን?

የፎንቆና የአካባቢዋ መሬት በስምጥ ሸለቆ ዳር ያለ፣ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ድንጋይና አመድ ያለበት ነው። በአገራችን የታወቀው ወርቅ የሚገኘው ግን እጅግ ጥንታዊ በሆነው አለት ላይ ሲሆን እርሱም በጉጂ አዶላና ሻኪሶ፣ በአሶሳ፣ በዲማና በአኮቦ አካባቢ እንዲሁም በትግራይ ነው። ስለዚህ ወርቅ የሚፈልግ የፎንቆ ሰው መሣሪያውን መምረጥ ያለበት ለጓሮው ሳይሆን ለሚሄድበት አገር ነው።

በደጁ ሊያገኝ የሚችለው ሳንቲምና አሮጌ ብር ነው። ጠገራ ብር የሚባለው ማርትሬዛ 28 ግራም የሚመዝን፣ ከስድስት እጅ አምስቱ ብር የሆነ ትልቅ ሳንቲም ስለሆነ በ6 ወይም በ7 ኪሎኸርዝ የሚሠራ ርካሽ ዲቴክተር እንኳ ያገኘዋል። እንደ ጤፍ ወይም እንደ ስንዴ ቅንጣት የሆነ ወርቅ ግን በዚህ ፍሪኩዌንሲ አይሰማም። ለእርሱ ከ40 ኪሎኸርዝ በላይ የሚሠራ ያስፈልጋል። ማይንላብ “ጎልድ ሞንስተር 1000” በ45፣ የቱርኩ ኖክታ “ጎልድ ክሩዘር” በ61፣ ፊሸር “ጎልድ በግ 2” በ71 ኪሎኸርዝ ይሠራሉ። ሁለቱንም ለመሞከር የሚፈልግ ፍሪኩዌንሲ የሚለዋወጥለትን እንደ ኢኩዊኖክስ ያለውን ቢመርጥ ይሻላል፤ ይህ መሣሪያ ውኃ ውስጥ እስከ 3 ሜትር መግባትም ይችላል።

አፈሩ ሲጮህ

ቀይና ጥቁር አፈር ብረትነት ሲበዛበት መሣሪያው ያለ ምክንያት ይጮሃል። ስለዚህ የአፈሩን ጩኸት የሚያስተካክል፣ “ግራውንድ ባላንስ” የሚባለው ክፍል የሌለው ዲቴክተር ርካሽ ቢሆንም አይገዛም። እጅግ በሚጮህ አፈር ላይ የሚሻሉት “ፐልስ ኢንዳክሽን” የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ግን ብዙ ሺህ ዶላር የሚያወጡ ከመሆናቸውም ሌላ ምስማርን ከወርቅ ለመለየት ደካማ ናቸው። ለጀማሪና ለተመላሽ መካከለኛው ይበቃል። ኮይሉም ትልቅ ስለሆነ ብቻ አይመረጥም፤ ለደቃቅ ወርቅና ምስማር፣ ቆርኪና የቆርቆሮ ቁራጭ ለበዛበት ቦታ ትንሹ ኮይል ይሻላል።

የሐሰት ዕቃ

በገበያው ሁለት ዓይነት ማታለል ይታያል። አንደኛው የታወቀ ስም የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ሲሆን በአፍሪካ በተለይ የማይንላብ “ጂ.ፒ.ኤክስ.” ቅጂዎች ብዙ ገዢ አስለቅሰዋል። መድኃኒቱ የመሣሪያውን መለያ ቁጥር ገንዘብ ሳይከፈል በፊት ከአምራቹ ጋር ማመሳከር ነው። ሁለተኛው “ከመቶ ሜትር ርቀት ወርቅ ይጠቁማል” የሚባለው አንቴና ያለው እጀታ ነው። የዚህ ዘር የሆነ ዕቃ ለኢራቅ የቦምብ መፈለጊያ ነው ተብሎ ተሸጦ ከጎልፍ ኳስ መፈለጊያ መጫወቻ የማይሻል ሆኖ ስለተገኘ እንግሊዛዊው ሻጭ እ.ኤ.አ. በ2013 የ10 ዓመት እስር ተፈርዶበታል።

ከመክፈል በፊት

ገዢው ግማሽ ግራም የማይሞላ የጆሮ ጌጥ በፕላስቲክ ጠቅልሎ 5፣ ከዚያም 10 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ቀብሮ መሣሪያውን በራሱ እጅ ይሞክር። በሱቅ ጠረጴዛ ላይ የተደረገ ሙከራ ስለ አፈር የሚናገረው የለም። ያገለገለ ከሆነ የኮይሉን ገመድ እያወዛወዘ ድምፁ መቆራረጥ አለመቆራረጡን ያዳምጥ፤ ባትሪውም ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይይ።

ሕጉም የሂሳቡ አካል ነው። ወርቅ ማውጣት ከክልሉ የማዕድን መሥሪያ ቤት የባህላዊ አምራችነት ፈቃድ ይጠይቃል። ቅርስ ፍለጋ ያለ ፈቃድ መቆፈርን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚከለክል ሲሆን በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስም እንዲነገር ያዛል። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የጢያ ትክል ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እንዲህ ያለ ሥፍራና የመቃብር ቦታ ዲቴክተር የሚወሰድበት አይደለም። መሣሪያውን ከውጭ የሚያዝም ሰው የማስገቢያውን ሁኔታ ከጉምሩክ ጠይቆ ቢያዝ ዕቃው ከመያዝ ይድናል።

የሚፈልገውን፣ የሚሄድበትን አፈርና ፈቃዱን አውቆ የተነሣ ሰው መካከለኛ ዲቴክተር ይበቃዋል። እነዚህን ሳያውቅ የገዛ ግን የቱንም ያህል ውድ መሣሪያ ቢይዝ ምስማር ሲለቅም ይውላል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ነውና።